የአንድ ሊትር ቤንዚን ሒሳብ፦ የአየር ንብረት ቀውስ፣ ፍትሕና የወለድ ጥያቄ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስንነጋገር ፍትሕን የምናነሳው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ሳይንሱ ይብራራል፣ ቀጥሎ መፍትሔው ይዘረዘራል፣ ከዚያ ጊዜ ከተረፈ ስለ ድሃ አገሮች ጥቂት ይባላል። ይህ አካሄድ የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። የፍትሕ ጥያቄ የሚነሳው ከጋዙ ባሕርይ ነው፤ መፍትሔው ጋ ስንደርስም፣ ያውም በወለድ መልክ፣ መልሰን እናገኘዋለን። ይህን የማሳያችሁ በሒሳብ ስለሆነ እርሳስና ወረቀት የያዘ ሰው አብሮኝ ይሥራ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ሊትር ቤንዚን እንውሰድ። ክብደቱ ሦስት ሩብ ኪሎ ያህል ነው። ሞተር ውስጥ ሲቃጠል ግን 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ከሦስት ሩብ ኪሎ ፈሳሽ ከሁለት ኪሎ በላይ ጋዝ እንዴት ይወጣል? ቤንዚኑ ውስጥ ያለው ካርቦን 640 ግራም ያህል ነው። እያንዳንዱ የካርቦን አቶም ሲቃጠል ከአየር ላይ ሁለት የኦክስጅን አቶሞችን ይዞ ይወጣል። ካርቦኑ 12፣ ሁለቱ ኦክስጅን 32፣ በድምሩ 44። አርባ አራትን ለ12 ስናካፍል 3.67 ይመጣል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ካርቦን ያቃጠለ ሰው 3.67 ኪሎ ጋዝ ወደ አየር ለቋል ማለት ነው። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም፤ ክብደት እንዳለው የሚገባን ቁጭ ብለን ስናሰላው ብቻ ነው።

የገንዳው ሒሳብ

የሰው ልጅ ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይት፣ ከተፈጥሮ ጋዝና ከሲሚንቶ ምርት በዓመት ወደ 37 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ደን ሲመነጠርና መሬት ሲገለበጥ ሌላ 4 ቢሊዮን ቶን ገደማ ይጨመራል። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠውን ውቅያኖስ፣ ዕፅዋትና አፈር ይወስዱልናል፤ ውቅያኖሱ ግን በወሰደው ልክ አሲድነቱ ይጨምራል። ቀሪው 19 ቢሊዮን ቶን ያህል አየር ላይ ይቀራል። ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች መካከል የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ቁጥር በአንድ ከፍ ለማድረግ 7.8 ቢሊዮን ቶን ይበቃል። 19ን ለ7.8 ብታካፍሉ በዓመት ሁለት ተኩል ገደማ ይመጣል፤ መሣሪያዎቹ በየዓመቱ የሚለኩትም ይህንኑ ነው።

ይህ ዕውቀት የትናንት አይደለም። ዩኒስ ፉት የተባለች አሜሪካዊት በ1856 ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሞላ ብርጭቆ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ አየር ብቻ ከያዘው ይልቅ እንደሚሞቅ አሳየች። ጆን ቲንዳል በ1859 እነዚህ ጋዞች ሙቀት እንዴት እንደሚይዙ በላቦራቶሪ ለካ። ስቫንቴ አሬኒየስ በ1896 የጋዙ መጠን እጥፍ ቢሆን ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ በእጁ አሰላ። ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 ሃዋይ በሚገኘው ማውና ሎአ ተራራ ላይ ያለማቋረጥ መለካት ሲጀምር ቁጥሩ ከሚሊዮን 315 ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት 280 ገደማ ነበር። አንታርክቲካ በረዶ ውስጥ የታሰሩ አረፋዎች እንደሚያሳዩት ደግሞ ባለፉት 800 ሺህ ዓመታት ከ300 ያለፈበት ጊዜ የለም።

«ጥፋቱ የፀሐይ ቢሆንስ?» ለሚል አጭር መልስ አለ። ፀሐይ ብትሆን ኖሮ የላይኛውም የታችኛውም የከባቢ አየር ክፍል አብረው ይሞቁ ነበር። የሚታየው ግን የታችኛው ሲሞቅ የላይኛው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ይህ ሙቀት ከታች በጋዝ ሲታፈን የሚጠበቅ ምልክት ነው። በዚያ ላይ ከመሬት በታች ሚሊዮን ዓመታት የተቀመጠ ካርቦን ራዲዮአክቲቭ የሆነው ካርቦን 14 የለውም። በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን 14 ድርሻ በዚህ ምክንያት እየተበረዘ መምጣቱ ጋዙ ከየት እንደመጣ ይናገራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አየሩን እንደ ገንዳ፣ ልቀታችንን እንደ ቧንቧ ውሃ አስቡት። መውረጃው ጠባብ ነው። ቧንቧውን በ10 በመቶ ብናጠበው ገንዳው የሚሞላበት ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ ውሃው ከፍ ማለቱን አያቆምም። «ልቀታችንን ቀነስን» የሚል ዜና ስትሰሙ የምትጠይቁት ይህን ነው፤ ቀነሰ የተባለው ቧንቧው ነው ወይስ ገንዳው? ዛሬ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ15 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ከሺህ ዓመት በኋላም አየር ላይ ይገኛል። ስለዚህ ሙቀቱን የሚወስነው በአንድ ዓመት የተለቀቀው ሳይሆን እስከ ዛሬ የተጠራቀመው ድምር ነው። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ሳይንስ ፓነል ግምት በያንዳንዱ 1,000 ቢሊዮን ቶን 0.45 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሙቀት ይጨመራል የሚል ነው። ከ1850 እስከ 2019 የተለቀቀው 2,400 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው። 2.4ን በ0.45 አባዙት፤ 1.08 ይመጣል። ከ2011 እስከ 2020 ባለው አሥርት ዓመት የተለካው ጭማሪ 1.1 ገደማ ነበር።

ከዚሁ ሒሳብ ቀሪው በጀት ይወጣል። ሙቀቱን 1.5 ዲግሪ ላይ ለማቆም ግማሽ በግማሽ ዕድል እንዲኖረን፣ ከ2020 መጀመሪያ አንስቶ ሊለቀቅ የሚችለው 500 ቢሊዮን ቶን ነበር። በዓመት 40 ቢሊዮን ገደማ እያወጣን ነው። 2024 በሙሉ ዓመት አማካይ 1.5ን የተሻገረ የመጀመሪያው ዓመት ሆኗል። ይህን ገደብ ያስቀመጠው የፓሪሱ ስምምነት የሚለካው በብዙ ዓመታት አማካይ ስለሆነ ገደቡ በይፋ ታልፏል አይባልም፤ የበጀቱ አካሄድ ግን ግልጽ ነው።

የተጠራቀመው የማን ነው?

ጋዙ የሚጠራቀም ከሆነ ኃላፊነቱም ይጠራቀማል። የፍትሕ ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ ከቅሪተ አካል ነዳጅና ከሲሚንቶ የወጣው ሁሉ ቢደመር ሩብ ያህሉ የአሜሪካ ነው። ዛሬ በአውሮፓ ኅብረት ያሉት 27 አገሮች 17 በመቶ ገደማ፣ ቻይና 15 በመቶ ገደማ ይይዛሉ። መላው የአፍሪካ አህጉር 3 በመቶ ገደማ ነው። በዓመታዊ ልቀት ካየነው ሥዕሉ ይለወጣል፤ ቻይና ብቻዋን ወደ 30 በመቶ ትደርሳለች። በነፍስ ወከፍ ካሰላነው ደግሞ አንድ አሜሪካዊ በዓመት 14 ቶን፣ አንድ ቻይናዊ 8፣ አንድ ህንዳዊ 2፣ አንድ አፍሪካዊ በአማካይ 1 ቶን ገደማ ይደርሰዋል። አራተኛ አቆጣጠርም አለ፤ ዕቃው የተመረተበትን አገር ትቶ የሚገዛውን የሚቆጥር ነው። በዚህኛው ብዙ የበለጸጉ አገሮች ድርሻቸው ይጨምራል፤ ፋብሪካውን ወደ ሌላ አገር ቢልኩትም ዕቃውን መልሰው ይገዙታልና።

ከእነዚህ መለኪያዎች መካከል ሐሰት የሚባል የለም፤ እያንዳንዱ ሌላ ጥያቄ ይመልሳል። ለደረሰው ሙቀት ማን ምን ያህል አዋጣ ለሚል ጥያቄ ድምሩ፣ ነገ የማን ልቀት መቀነስ እንዳለበት ለሚል ጥያቄ ዓመታዊው፣ ማን የመቀነስ አቅም አለው ለሚል ጥያቄ ነፍስ ወከፉ ይቀርባል። ክርክር ላይ አንዱን ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ስታዩ የትኛውን እንደተወ ጠይቁት። የአገር አማካይም ራሱ ልዩነት ይሸፍናል። በዓለም ላይ ከፍተኛ ገቢ ያለው 10 በመቶ ሕዝብ ከጠቅላላው ልቀት ግማሽ ያህሉን ያወጣል፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ በሁሉም አህጉር ይገኛሉ።

እዚህ ላይ ከከብትና ከጋዝ ቱቦ የሚወጣውን ሌላ አሞቂ ጋዝ፣ ሚቴንን፣ ለይቼ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ በሒሳብ አያያዝ ብቻ ግፍ የሚሠራበት ቦታ ነውና። ሚቴን አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ነው። በ20 ዓመት ስናሰላው በክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 ጊዜ ያህል፣ በ100 ዓመት ስናሰላው 28 ጊዜ ያህል ያሞቃል። ቶሎ ስለሚጠፋ የገንዳው ሒሳብ ለእሱ አይሠራም። የከብቱ ቁጥር ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይጨምር የኖረ አርብቶ አደር ማኅበረሰብ ዛሬ የሚለቀው ሚቴን የጠፋውን ይተካል እንጂ ሙቀቱን ብዙም ወደ ላይ አይገፋም። የድንጋይ ከሰል ጣቢያ ግን በየዓመቱ እኩል ቢለቅ እንኳ በየዓመቱ አዲስ ሙቀት ይጨምራል። ሚቴኑን በ28 አባዝቶ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጋር አንድ ዓምድ ውስጥ የሚደምር ሰነድ ይህን ልዩነት ያጠፋዋል። በሌላ በኩል ከጋዝ ማስተላለፊያ ቱቦ የሚያመልጥ ሚቴን ምንም ሰበብ የለውም። በኢንፍራሬድ ካሜራ ይታያል፣ ቫልቭና ማሸጊያ በመቀየር ይዘጋል፣ የዳነው ጋዝም ይሸጣል።

ጉዳቱ የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ሌላ ነው። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ይሸከማል፤ ስለዚህ ዝናብ ሲጥል ይበረታል፣ ሳይጥል ደግሞ አፈሩ ቶሎ ይደርቃል። በ2022 የፓኪስታን ጎርፍ 33 ሚሊዮን ሰዎች ተጎዱ፣ ከ1,700 በላይ ሞቱ፣ ውድመቱና ኪሳራው ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገመተ። ፓኪስታን በየዓመቱ የምትለቀው ከዓለም ልቀት አንድ በመቶ አይሞላም። ለመልሶ ግንባታው በቀጣዩ ዓመት ጥር ጄኔቫ ላይ ቃል የተገባላት ከ9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ አብዛኛው ግን ብድር ነው።

አንድ የተወሰነ አደጋ በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት ምን ያህል እንደባሰ የሚለካ ሙያ አለ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በቦታው የተመዘገበውን የብዙ ዓመታት የዝናብ ወይም የሙቀት ልኬት ይወስዳሉ፣ በኮምፒውተር ሞዴል የዛሬዋን ዓለምና ያልሞቀችውን ዓለም ጎን ለጎን ያስኬዳሉ፣ አደጋው በሁለቱ ውስጥ የሚከሰትበትን ዕድል ያወዳድራሉ። ካናዳ ውስጥ ሊተን በተባለች አነስተኛ ከተማ በሰኔ 2021 ሙቀቱ 49.6 ዲግሪ ሲደርስ፣ ያለ ሰው ሠራሽ ሙቀት ይህ ሊሆን የሚችልበት ዕድል የለም በሚባል ደረጃ ጠባብ ነው ለማለት የወሰደው ጊዜ ጥቂት ቀናት ብቻ ነበር። ምክንያቱም መረጃው ነበረ። የሜትሮሎጂ ጣቢያ በሌለበት፣ ወይም መዝገቡ በጦርነትና በበጀት እጦት ለዓመታት በተቋረጠበት አካባቢ ይኸው ምርመራ «እርግጠኛ መሆን አይቻልም» ብሎ ይጠናቀቃል። ስለዚህ ብዙ የተጎዳው ጉዳቱን ማስረዳት የማይችል ይሆናል። በእኔ አስተያየት የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ማቆም የፍትሕ መሠረተ ልማት ነው፤ ለሜትሮሎጂ የሚመደብ በጀትም በዚህ ዓይን መታየት አለበት።

ቃልና አከፋፈል

በ1992 ሪዮ ላይ የተፈረመው የአየር ንብረት ማዕቀፍ ስምምነት «የጋራ ነገር ግን የተለያየ ኃላፊነት» የሚል መርሕ አስቀመጠ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቫኑዋቱ በትንንሽ ደሴቶች ስም በባሕር ከፍታ ለሚጎዱ አገሮች የበለጸጉት የሚሞሉት የመድን ቋት እንዲቋቋም ጠይቃ ነበር። ያ ጥያቄ የራሱ ፈንድ ያገኘው በ2022 ሻርም ኤል ሼክ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ነው፤ 31 ዓመት ፈጀ። የ2015ቱ የፓሪስ ስምምነት ስለ ጉዳትና ኪሳራ አንድ አንቀጽ ሲሰጥ፣ አብሮት የጸደቀው ውሳኔ ደግሞ ይህ አንቀጽ የካሳ ወይም የተጠያቂነት መሠረት አይሆንም አለ። በሐምሌ 2025 ግን ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት፣ በደቡብ ፓስፊክ የሕግ ተማሪዎች በተጀመረና በቫኑዋቱ መሪነት በቀረበ ጥያቄ ላይ የምክር አስተያየት ሰጠ። አገሮች የአየር ንብረትን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው፣ ግዴታውን መጣስና በደረሰው ጉዳት መካከል ያለው ግንኙነት ከተረጋገጠ ካሳ ሊከተል ይችላል የሚል ነው። የምክር አስተያየት እንደ ፍርድ አያስገድድም፤ ቢሆንም በየአገሩ ያሉ ፍርድ ቤቶች ሊጠቅሱት ይችላሉ።

ገንዘቡን በተመለከተ በ2009 ኮፐንሃገን ላይ የተገባው ቃል እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ማድረስ ነበር። የተሞላው በ2022 ነው። በ2024 ባኩ ላይ እስከ 2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ተባለ። ቁጥሩ ከመብዛቱና ከማነሱ በላይ የሚያሳስበኝ አቆጣጠሩ ነው። አንድ አገር 100 ሚሊዮን ዶላር በነጻ ቢሰጥም፣ 100 ሚሊዮን በወለድ ቢያበድርም፣ በሪፖርቱ ላይ ብዙ ጊዜ በእኩል ይጻፋል። አበዳሪው ገንዘቡን ከነወለዱ ሲቀበል ግን ከሪፖርቱ የሚቀነስ የለም። ከመንግሥታት ከሚመጣው የአየር ንብረት ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ብድር ነው። ለማይመለስ ነገር፣ ለምሳሌ የባሕር መከላከያ ግድግዳ ለመገንባት ወይም የተነቀለ መንደር ለማስፈር፣ ብድር መስጠት ተበዳሪውን ሁለት ጊዜ ያስከፍለዋል፤ ግድግዳው ገቢ አያመጣም፣ ዕዳው ግን ቀን ጠብቆ ይመጣል።

አንድ ፀሐይ፣ ሁለት ዋጋ

አሁን እርሳሱን መልሳችሁ አንሱ፤ የዚህ ንግግር ዋና ነገር እዚህ ጋ ነው። የፀሐይ ፓነል ዋጋ ከ2010 ወዲህ 90 በመቶ ገደማ ወርዷል። ታዲያ ፀሐይ የበዛላቸው ድሃ አገሮች ለምን አልገነቡም? የዓለም ምርጥ የፀሐይ ሀብት 60 በመቶ ያለው አፍሪካ ውስጥ ሲሆን ከተተከለው የፀሐይ ኃይል ግን አህጉሩ የሚይዘው ከ2 በመቶ ያነሰ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ የአንድ አገር ሒሳብ ሳይሆን አሠራሩን ለማሳየት፣ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚያስወጣ የፀሐይ ጣቢያ እንውሰድ። ዕድሜው 25 ዓመት ነው፤ ነዳጅ አይፈልግም፤ ወጪው ከሞላ ጎደል በሙሉ መጀመሪያ ላይ ነው። ገንዘቡ በ4 በመቶ ወለድ ከተገኘ ለ25 ዓመት በየዓመቱ የሚከፈለው እኩል ክፍያ 6.4 ሚሊዮን ነው። ወለዱ 12 በመቶ ከሆነ 12.75 ሚሊዮን ይሆናል። ፓነሉ ያው ነው፣ ፀሐይዋ ያችው ናት፣ የኤሌክትሪኩ ዋጋ ግን እጥፍ ሆነ።

አሁን ከጎኑ ያንኑ ያህል ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ፣ ለመገንባት 40 ሚሊዮን፣ ለነዳጅ ደግሞ በየዓመቱ 6 ሚሊዮን የሚፈልግ ጣቢያ አስቀምጡ። በ4 በመቶ ወለድ የግንባታው ክፍያ 2.56 ነው፤ ከነዳጁ ጋር 8.56 ሚሊዮን ይሆናል። ፀሐይ 6.4 ስለሆነች ታሸንፋለች። በ12 በመቶ ወለድ የነዳጁ ጣቢያ 5.1 ለግንባታ፣ 6 ለነዳጅ፣ በድምሩ 11.1 ሚሊዮን ይሆናል። ፀሐይ 12.75 ስለሆነች ትሸነፋለች። ከፍተኛ ወለድ የተጫነበት አገር ነዳጅ ቢመርጥ ስላልገባው አይደለም፤ የቀረበለት ሒሳብ ወደዚያ ስለገፋው ነው። ንጹሕ ኃይል ዋጋውን አስቀድሞ የሚጠይቅ ቴክኖሎጂ ስለሆነ ገንዘብ ርካሽ ለሆነለት ይረክሳል፣ ገንዘብ ውድ ለሆነበት ይወደዳል።

ወለዱ ለምን ይወደዳል? ብድሩ በዶላር ነው፣ የኤሌክትሪክ ሽያጩ ግን በአገር ውስጥ ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ ሲወድቅ ዕዳው ያብጣል። ኤሌክትሪኩን የሚገዛው ድርጅት በወቅቱ ካልከፈለ ባለሀብቱ አደጋውን በወለድ ላይ ይጭነዋል። የአገሩን ዕዳ የመክፈል አቅም ባጠቃላይ በዝቅተኛ ደረጃ የመዘኑት ድርጅቶች ደግሞ በደህና የሚመራውን ፕሮጀክት ጭምር ይዘውት ይወርዳሉ። ስለዚህ መድኃኒቱ በየምክንያቱ ይለያል፤ ልማት ባንኮች የምንዛሪ ለውጡን የሚሸከሙበት፣ በአገር ገንዘብ የሚሰጥ ብድር፣ ለገዢው ድርጅት ክፍያ የሚቆም ዋስትና፣ ከ10 ዓመት ይልቅ ከ20 ዓመት በላይ የሚዘልቅ የመክፈያ ጊዜ። በምሳሌያችን ወለዱ ከ12 ወደ 8 ቢወርድ የፀሐዩ ክፍያ 9.4 ሚሊዮን ገደማ፣ የነዳጁ 9.75 ገደማ ይሆናልና ፀሐይ መልሳ ታሸንፋለች። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ግኝት አይደለም።

አንድ ተጨማሪ መሣሪያ አለ፤ የአደጋ ጊዜ የዕዳ አንቀጽ። በብድር ውሉ ላይ የተወሰነ ጥንካሬ ያለው አውሎ ነፋስ ወይም ጎርፍ ቢደርስ ክፍያው ለተወሰነ ጊዜ ይቆማል ተብሎ አስቀድሞ ይጻፋል። ግሬናዳ በ2024 ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታት ይህን አንቀጽ ተጠቅማ የቦንድ ክፍያዋን አዘገየች። ገንዘብ ለመለመን ጉባኤ መጠበቅ ሳያስፈልጋት ለዕዳ ልትከፍለው የነበረው እጇ ላይ ቀረ።

መሬት ላይ የሚሠራውና የሚበላሸው

መፍትሔዎቹን ሁሉ አልዘረዝርም፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሹበትን ቦታ ማሳየት ይሻላል። የፀሐይ ጣቢያ ፓነሉ 25 ዓመት ይቆያል፣ የፓነሉን ኤሌክትሪክ ለመገልገያ ወደሚሆን ዓይነት የሚቀይረው ኢንቨርተር ግን ከ10 እስከ 15 ዓመት፣ የሊድ አሲድ ባትሪ ደግሞ እንደ አያያዙ ከ3 እስከ 7 ዓመት ነው። የለጋሽ በጀት ተከላውን ብቻ ከሸፈነ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባትሪው ሲሞት ደህናው ፓነል አብሮ ይተኛል። ለመለዋወጫና ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ከታሪፉ ላይ ተቆርጦ መቀመጥ አለበት። ፓነሉ ራሱ ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር በየዲግሪው ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ምርቱ ይቀንሳል፤ ጣራ ላይ ተለጥፎ ከሥሩ አየር ካላገኘ ከታሰበው በታች ያመነጫል። በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አንዴ ከተገዛ ውሃ ለመሳብ ምንም ስለማያስከፍል ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ የከርሰ ምድር ውሃውም ይወርዳል። ከፓምፑ ጋር የውሃ ቆጣሪና በጋራ የተስማሙበት የመጠን ገደብ መምጣት አለበት።

የሩዝ እርሻ ላይ ዋጋው ትንሽ፣ ውጤቱ ትልቅ የሆነ ሥራ አለ። ሁልጊዜ ውሃ የተኛበት ማሳ አፈሩ ኦክስጅን ስለሚያጣ ሚቴን ያመነጫል። 30 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው፣ የታችኛው ክፍሉ የተበሳሳ ቱቦ ማሳው ውስጥ ይተከላል። ውሃው ከአፈሩ ገጽ 15 ሳንቲሜትር ዝቅ እስኪል ይጠበቃል፤ ከዚያ እስከ 5 ሳንቲሜትር ከፍታ ውሃ ይለቀቃል፤ እንዲህ እየተፈራረቀ ይቀጥላል። ሚቴኑ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይቀንሳል፣ ውሃም ይቆጠባል። ስህተት የሚሠራው ሰብሉ ሲያብብ ነው። ከማበቡ አንድ ሳምንት በፊት ጀምሮ አንድ ሳምንት በኋላ ድረስ ማሳው ውሃ ላይ መቆየት አለበት፤ በዚያ ጊዜ ከደረቀ ምርቱ ይወድቃል። የናይትሮጅን ማዳበሪያም ከበዛ በሚቴኑ ፋንታ ናይትረስ ኦክሳይድ ይወጣና ጥቅሙን ይበላዋል።

ሲሚንቶ ላይ ምድጃውን በንጹሕ ኃይል ማሞቅ ብቻውን አይበቃም። ከልቀቱ 60 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከነዳጁ ሳይሆን የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ከሚለቀው ጋዝ ነው። ስለዚህ መቀነስ ያለበት ክሊንከሩ፣ ማለትም ድንጋዩ ተቃጥሎ የሚገኘውና ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ነገር ነው። ግማሽ ያህሉን በተቃጠለ ሸክላ አፈርና ባልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ዱቄት መተካት ልቀቱን ከ30 እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል፤ ሸክላ አፈሩም በብዙ አገር ይገኛል።

ዛፍ መትከልን በተመለከተ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ዛፍ ለአፈር፣ ለውሃና ለጥላ ይተከል፤ ለነዳጅ ማካካሻ ተብሎ ሲሸጥ ግን ሒሳቡ ይፈርሳል። ከመሬት በታች ለሚሊዮን ዓመታት ተቀምጦ የነበረ ካርቦን፣ አንድ የሰደድ እሳት በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊመልሰው በሚችል ዛፍ ይተካል ማለት ነውና። የካርቦን ክሬዲት፣ ማለትም ሌላ ቦታ ለተቀነሰ ልቀት የሚሸጥ ማረጋገጫ፣ ሲቀርብላችሁ፣ ደኑ ያለዚህ ገንዘብም ይጠበቅ እንደነበረ፣ ምንጠራው ወደ ጎረቤት ተራራ ብቻ ዞሮ እንደሆነ፣ ሁለት አገር አንዱን ቶን ቆጥሮት እንደሆነ፣ በመሬቱ ላይ የሚኖሩት ሰዎች ፈርመው እንደሆነ ጠይቁ። ጋዙን በማሽን ከአየር መሳብም ይቻላል። አይስላንድ ውስጥ በ2024 ሥራ የጀመረው፣ በወቅቱ ከዓለም ትልቁ የነበረው ጣቢያ በዓመት 36 ሺህ ቶን ለመሳብ ታስቦ የተሠራ ነው። የዛሬውን ዓመታዊ ልቀት ለመሸከም እንደሱ ያለ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጣቢያ ያስፈልጋል።

መላመድ ላይ ደግሞ ባንግላዴሽን ተመልከቱ። በ1970 የመታው አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300 ሺህ ሰው ገደለ። ከ1972 ጀምሮ አገሪቱ በመንደር ደረጃ በጎ ፈቃደኞችን አደራጀች፤ ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ ናቸው። ባንዲራና የእጅ ድምጽ ማጉያ ይዘው ቤት ለቤት ይሄዳሉ፣ መጠለያው የት እንደሆነ ያሳያሉ። በ2020 አምፋን የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው አስቀድሞ ወጣ፣ የሟቾቹ ቁጥርም በአሥሮች የሚቆጠር ሆነ። ቀድሞ መጠለያ እያለ ብዙ ሰው ያልሄደው ለሴቶች የተለየ ክፍል ስላልነበረ፣ ከብቱን ትቶ መሄድም ያለውን ሁሉ ማጣት ስለነበረ ነው። ኋላ የተሠሩት መጠለያዎች ለሴቶች ክፍል፣ ለከብቶች ከፍ ያለ መሬት ተዘጋጀላቸው።

በመጨረሻ የአገራችሁን ወይም የመሥሪያ ቤታችሁን «የተጣራ ዜሮ» ዕቅድ፣ ማለትም የሚለቀቀውን ከአየር ከሚወገደው ጋር እኩል የማድረግ ዕቅድ፣ ስታነቡ ከ2050 አትጀምሩ። የሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ስንት ቶን ይቀንሳሉ የሚለውን ፈልጉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ነው የተቆጠረው ወይስ ሚቴንም፣ የሚሸጠው ዕቃ ሲቃጠል የሚወጣው ገብቷል ወይስ ቀርቷል፣ ከተባለው ቅነሳ ስንቱ በራሱ ስንቱ በተገዛ ክሬዲት ነው የሚለውን እዩ። የድሃ አገር ዕቅድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ በራስ አቅም የሚፈጸም፣ ሁለተኛው የውጭ ገንዘብ ከተገኘ የሚፈጸም። በሁለተኛው ዓምድ ሥር ስንቱ ልገሳ፣ ስንቱ ብድር፣ በስንት በመቶ ወለድ፣ በስንት ዓመት የሚከፈል፣ በየትኛው ገንዘብ የሚመለስ የሚለው ተጽፎ እንደሆነ ተመልከቱ።